ቡና አልጠየቅንም፣ ሲኒማውን ነው የጠየቅነው፦ ለሰፈር ታሪክ ጉብኝት አዘጋጆች ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የሰፈር ታሪክ ጉብኝት አዘጋጅ ቢሮ ኃላፊዎች፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። እንግሊዝኛ ስለማልችል አይደለም። እዚህ አገር ከገባሁ 18 ዓመቴ ነው፤ የቤት ኪራዩንም፣ የግብሩንም፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ደብዳቤም በእንግሊዝኛ ስመልስ ነው የኖርኩት። ግን እናንተ "በአማርኛ ተተርጉሞ ይደርሳችኋል" ያላችሁትን ወረቀት እስከ ዛሬ ዓይኑን አላየነውም። ስለዚህ የዛሬውን እናንተ አስተርጉሙት። እግረ መንገዱን የእኛም ሰው ያንብበው፤ ብዙዎቹ ጉብኝቱ የቀረው በእኛ ዝርክርክነት ነው የሚመስላቸው።

የቢሮውን ስም አልጠቅስም። እኔ የምፈልገው መልስ ነው እንጂ ሰው ማሳጣት አይደለም።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ሰሜን ለንደን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችንን አማርኛ የምናስተምር ወላጆች ነን። ፊደል ጨርሰው ማንበብ ለጀመሩት ልጆች የሚኖሩበትን ሰፈር ታሪክ በአማርኛ እንንገራቸው ብለን ተመካከርን። እናንተ ደግሞ በተለያዩ ቋንቋዎች የእግር ጉብኝት እንደምታዘጋጁ በበራሪ ወረቀት አስነግራችሁ ነበር። አመለከትን። የት መሄድ ትፈልጋላችሁ ስትሉን ሳናቅማማ ፊንስበሪ ፓርክ ያለውን የድሮውን አስቶሪያ ሲኒማ አልን። እሺ አላችሁ። ቀን ተቆረጠ። ቅዳሜ ጠዋት ልንወጣ ሐሙስ ማታ ሁለት መስመር ኢሜይል መጣ። ጉብኝቱ ተሰርዟል፤ ምክንያቱም ቦታው "ለማኅበረሰባችሁ ያለው ተዛማጅነት ዝቅተኛ ሆኖ ተገኝቷል።"

ሁለት መስመር። ይቅርታ የሚል ቃል እንኳ የለበትም።

ከእናቶቻችን አንዷ የምትሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነው። ለዚያች ቅዳሜ ብላ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ሁለት የሌሊት ፈረቃ ተለዋውጣለች። ጉብኝቱ ቀረ፣ ፈረቃው ግን አልቀረላትም። ጋሼ የምንላቸው ደግሞ አንድ አባት አሉ። ሰባውን አልፈዋል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። መንገዱን እችለው ይሆን ብለው ከሳምንት በፊት ብቻቸውን ከቤታቸው እስከ ሲኒማው ድረስ ሄደው ሞክረውት ነበር። የት የት አረፍ እንደሚሉም መርጠው ጨርሰዋል፤ መጀመሪያ የአውቶቡስ ፌርማታው አግዳሚ፣ ቀጥሎ የልብስ ማጠቢያው ቤት ደረጃ፣ ከዚያ ሲኒማው። ዓርብ ጠዋት ደውዬ ቀርቷል ስላቸው "ምነው፣ ምን አጠፋን?" ነው ያሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። እስቲ እናንተ መልሱላቸው።

አሁን ወደ ቅሬታችን ልግባ።

የመጀመሪያው ያው "ተዛማጅነት" ያላችሁት ነገር ነው። በጣም ያናደደን እሱ ስለሆነ እሱ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ታገሱኝ።

አስቶሪያ የተከፈተው መስከረም 29 ቀን 1930 ነው (እዚህ ደብዳቤ ላይ ያለው ቀንና ዓመት ሁሉ፣ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በፈረንጅ ነው)። በዚያ ዘመን ሲኒማ የመሃል ከተማ ጌጥ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ሠራተኛው ወደሚኖርበት ዳር ዳር ሰፈር እየወጣ ነበር። አስቶሪያ የሚባሉት ትልልቅ ሲኒማዎች ብሪክስተን፣ ኦልድ ኬንት ሮድ፣ ስትሬተም እያሉ አንድ በአንድ ተተከሉ፤ የመጨረሻው የእኛ ሰፈሩ ነው። አርክቴክቱ ኤድዋርድ አልበርት ስቶን ይባላል። 3,040 ወንበር ነበረው። ለንጽጽር ያህል፣ ዛሬ ልጆቼን የምወስድበት ሲኒማ አንዱ ክፍል ሁለት መቶ ሰው ከያዘ ትልቅ ነው።

ከውጭ ሲያዩት ሜዳ ነገር ነው። ነጣ ባለ ሴራሚክ የተለበጠ ግድንግድ ግድግዳ፣ ሰቨን ሲስተርስ ሮድና አይልደን ሮድ የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ። ልጆቻችን በየቀኑ በአውቶቡስ ያልፉታል፤ ቀና ብሎ የሚያየው የለም። ጉዱ ያለው ውስጥ ነው።

እኔ አንድ ጊዜ ገብቼ አይቼዋለሁ። ከመንገዱ ጩኸት፣ ከዝናቡ፣ ከዶሮ ጥብሱ ሽታ አንድ በር ነው የሚለያችሁ። በሩን አልፋችሁ ስትገቡ ስፔን ናችሁ። እናንተ በብሮሹራችሁ ላይ "የምሥራቅ ዘይቤ" ብላችሁ በአንድ መስመር ያለፋችሁት ማለት ነው። ምሥራቅ አይደለም። አንዳሉሲያ ነው፤ ሙሮች፣ ማለትም ከሰሜን አፍሪካ የተሻገሩት ሙስሊሞች፣ የገዙት የደቡብ ስፔን ዘይቤ። በመግቢያው አዳራሽ መሃል የኮከብ ቅርጽ ያለው፣ ውሃ የሚፏፏበት ገንዳ አለ። ድሮ ወርቃማ ዓሣዎች ይዋኙበት ነበር። ዙሪያውን ቀና ስትሉ ሰገነት ነው፤ የፊልሙን ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ከላይ ተደግፎ ገቢውን የሚያይበት።

ዋናው አዳራሽ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ከመድረኩ በላይና ግራ ቀኙን የመንደር ጣሪያ ይታያል፤ ግንብ፣ ትንንሽ መስኮት፣ የሸክላ ክዳን። እውነተኛ ቤት እንዳይመስላችሁ፣ ጀሶ ነው። ኮርኒሱ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ሰማይ ነው፤ ኮከቦቹ አምፖሎች ናቸው። መብራት ሲጠፋ ሦስት ሺህ የለንደን ሰው በስፔን መንደር አደባባይ፣ በጠራ ሌሊት፣ ደጅ የተቀመጠ ይመስለው ነበር። ደጅ ግን ጉም ነው።

ይህን ዓይነቱን ሲኒማ ያስጀመረው ጆን ኤበርሰን የሚባል፣ በኦስትሪያ ሀንጋሪ ግዛት ተወልዶ አሜሪካ የገባ አርክቴክት ነው። በ1923 ሂዩስተን ላይ ማጀስቲክ ቲያትርን ሲሠራ ያጌጠውን ኮርኒስ ትቶ በምትኩ ሰማይ አደረገው። ነገሩ ሕልም ብቻ አልነበረም፣ ሒሳብም ነበረበት። እንደ ኦፔራ ቤት በወርቅ ቅብና በቅርጻቅርጽ ከተሞላ ኮርኒስ ይልቅ ለስላሳ ጀሶ ሰማያዊ ቀብቶ አምፖል መሰካት ይረክሳል። ለንደን ውስጥም እንዲህ ያለ የሩቅ አገር ናፍቆት ያለባቸው ሲኒማዎች ሞልተው ነበር። ቱቲንግ ያለው ግራናዳ በ1931 ሲከፈት ውስጡ የመካከለኛው ዘመን ካቴድራል ነበር፤ ያስጌጠው ከሩሲያ የተሰደደው ቴዎዶር ኮሚሳርዠቭስኪ ነው። ሳውዝሆል ያለው ፓላስ ደግሞ በቻይና ቤተ መቅደስ አምሳል፣ ጣሪያው ላይ ዘንዶ ተቀምጦበት ነው የተሠራው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ለልጅ በአማርኛ ማስረዳት ምን ያህል ደስ እንደሚል አስቡት። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፎቶውን ሳሳያት "እንደ ጎንደሩ ነው?" አለችኝ። ለካ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ደብረ ብርሃን ሥላሴን ተምረው ነበር፤ ያ ኮርኒሱ ሙሉ በመላእክት ፊት የተሞላውን። ቀና ሲሉ የሚያይ ኮርኒስ እና ቀና ሲሉ የሚያበራ ኮርኒስ። ተዛማጅነቱን ያገኘችው ልጅቷ ናት። እናንተ ናችሁ ያጣችሁት።

ደግሞ የእኛ አገር የሲኒማ ታሪክ ምን ብሎ እንደሚጀምር ታውቃላችሁ? አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ ፊልም የታየበትን ቤት ሕዝቡ "ሰይጣን ቤት" ነው ያለው። ጥላ ሲንቀሳቀስ አይቶ ደንግጦ። ፊንስበሪ ፓርክ ያለው ሲኒማ ደግሞ ዛሬ ቤተ ጸሎት ነው፤ ከብራዚል የመጣ ቤተ ክርስቲያን በ1995 ገዝቶ አድሶት። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ነበር። እኛ ሲኒማውን ሰይጣን ቤት ብለን ጀመርን፣ እዚህ እግዚአብሔር ቤት ሆኖ ጠበቀን አሉ። እንዲህ ዓይነት ነገር ነው የቀረብን።

ሁለተኛው ቅሬታ ብሮሹሩ ነው። ሁለት ሙሉ ገጽ የሮክ ሙዚቃ ነው። አልከፋኝም። ቢትልስ በ1963 የገና ትርዒታቸውን እዚያ ነው ያሳዩት፤ ጂሚ ሄንድሪክስም በመጋቢት 1967 መጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ጊታሩን ያቃጠለው እዚያው ነው። ሲኒማው በ1971 ተዘግቶ ሬይንቦ የሚባል የሙዚቃ ቤት መሆኑም በደንብ ተጽፏል። ስለ ቦብ ማርሊ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ናት ያለችው፤ "የሬጌው ኮከብም እዚህ ተጫውቷል።" አለቀ።

እኛ ደግሞ ልጆቻችንን ወደዚያ የምንወስደው በዋናነት ለዚህ ነበር። ቀጠሮ ስንይዝ በኢሜይል ነግረናችኋል፤ ፈልጉት፣ አለ። አሁንም ልድገመው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 4 ቀን 1963፣ በእኛ መስከረም 1956፣ ኒውዮርክ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ንግግር አደረጉ። በአማርኛ ነው የተናገሩት። አንዱን ዘር የበላይ ሌላውን የበታች የሚያደርግ አስተሳሰብ ፈጽሞ እስካልተወገደ ድረስ ሰላም እንደማይኖር የተናገሩበት ነው። ቦብ ማርሊ በ1976 ያንን ንግግር ከሞላ ጎደል እንዳለ ወስዶ ዘፈነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኪንግስተን ቤቱ ድረስ መጥተው ተኮሱበትና ተረፈ፤ ወደ ለንደን መጣ። ከዚያ ከሰኔ 1 እስከ 4 ቀን 1977 እዚህ፣ ሰቨን ሲስተርስ ሮድ ላይ፣ በዚያ የጀሶ መንደር ሥር ቆሞ ያንን ዘፈን ዘፈነው። አማርኛ የነበረ ቃል በእንግሊዝኛ አልፎ በጃማይካዊ አፍ ሰፈራችን ገባ ማለት ነው።

ቀኑን ወደ እኛ ልመልሰው። ሰኔ 4 ቀን 1977 ማለት ግንቦት 27 ቀን 1969 ነው። ጋሼ ያኔ አዲስ አበባ ነበሩ። ቀይ ሽብር ነው። ንጉሡ ሞተዋል፣ ስማቸውን ጮክ ብሎ ማንሳት ያስፈራል፣ ጠዋት ከቤት የወጣ ወጣት ማታ መመለሱ አይታወቅም። እዚህ ደግሞ የንጉሡ ንግግር በድምፅ ማጉያ ይዘፈናል። ጋሼ ይህን የሰሙት ዘንድሮ ነው፣ እኛ ስንነግራቸው። ዝም ብለው ቆዩና ያን ቀን የት እንደነበሩ ማስታወስ ጀመሩ። ጉልበታቸውን እያመማቸው መንገዱን ሄደው የሞከሩት ለዚህ ነው። በሩ ላይ ቆመው ለልጆቹ ሊነግሩ ነበር።

እና ይሄ ነው "ተዛማጅነቱ ዝቅተኛ"?

ሦስተኛው አስቂኝ ነው፣ ለእኛ ግን አላሳቀንም። ከስረዛው ኢሜይል በኋላ በነጋታው ሌላ መጣ። በምትኩ "ከባህላችሁ ጋር የሚሄድ" የቡና ጉብኝት አዘጋጅተናል ይላል። የኢትዮጵያ ቡና እንዴት እንደሚፈላ ይታያል፣ ለአንድ ሰው አንድ ስኒ ይቀርባል። ጎበዝ! እኛን ቡና ሊያሳዩን። ከመካከላችን በሳምንት ሦስት ቀን የማታፈላ እናት ካለች እሷ ታማ ነው። ቡና ጠልተን አይደለም፤ ብትመጡ እኛ እናፈላላችኋለን፣ ሦስቱንም ጀበና፣ ከነቆሎው። ግን እናንተ ለሌላው ሰው የከተማውን ታሪክ ስታሳዩ ለእኛ የራሳችንን ጓዳ የምታሳዩን ለምንድነው? ልጆቻችን የተወለዱት እዚህ ነው። ሰፈሩ የእነሱም ነው። ስለ ጊታር መቃጠልም፣ ስለ ስፔን መንደሩም፣ ስለ ዓሣዎቹም የማወቅ መብት አላቸው። ማርሊ ባይዘፍንበት እንኳ፣ ከኢትዮጵያ ጋር ቅንጣት ግንኙነት ባይኖረው እንኳ፣ ለማየት ጥያቄያችን ይበቃ ነበር። ይህን መጀመሪያ መጻፍ ነበረብኝ፤ ንዴቱ አስረሳኝ።

ሌላው፣ ውስጡን ስለማየት ነው። ገና ስንመዘገብ ውስጡ ካልታየ ትርጉም የለውም፣ ከውጭ ግድግዳ ነው፣ እባካችሁ ፈቃድ ጠይቁልን ብለን ነበር። በስልክ የመለሰችልን ባለሙያ፣ ትሕትናዋን አልክድም፣ "የአምልኮ ቦታ ስለሆነ ላይመቻችሁ ይችላል ብለን ነው" አለችን። ለማን ነው የማይመቸው? ከእኛ ውስጥ ኦርቶዶክስ አለ፣ ጴንጤ አለ፣ ሙስሊም አለ። በሰው ቤተ እምነት እንዴት እንደሚገባ እናውቃለን። ኋላ ስንጠይቅ ደግሞ የፈቃድ ደብዳቤው ጭራሽ እንዳልተጻፈ ተነገረን። ባለቤቶቹ እንቢ ቢሉ አንድ ነገር ነው። ሳይጠየቁ በእነሱ ስም እንቢ መባላችን ነው ያስከፋን።

ስለ አስተርጓሚው ክፍያ ብዙ አልልም። ነፃ በጎ ፈቃደኛ ከእናንተ መካከል አምጡ ብላችሁናል፤ ለሌላው ቋንቋ ግን ከፍላችኋል። ለምን እንደሆነ ንገሩን፣ በቃ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሕንጻ በ1981 የፈረንጅ ገና ዋዜማ ተዘግቶ ዓመታት ሙሉ ባዶውን ቆሟል። ብዙዎቹ ጓደኞቹ በዚያ ዘመን ፈርሰዋል። ቴሌቪዥን በየቤቱ ገብቶ፣ በ1946 ከ1.6 ቢሊዮን በላይ የሲኒማ ትኬት ይቆረጥባት የነበረችው ብሪታንያ ሲኒማዋን ለቢንጎ፣ ለዕቃ መጋዘን፣ ለፓርኪንግ ሰጥታዋለች። አስቶሪያ በእንግሊዝ የቅርስ ደረጃ "ሁለተኛ ደረጃ ባለ ኮከብ" (Grade II*) ተብሎ በሕግ ተጠብቋል፤ ግድግዳውን ያለ ፈቃድ የሚነካው የለም። ግን በየቀኑ በአውቶቡስ የሚያልፈው ልጅ ከግድግዳው ጀርባ ሰማይ እንዳለ ካላወቀ፣ ነገ አድሱት ወይም አፍርሱት ሲባል ምን ብሎ ይከራከራል?

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው።

የተሰረዘው ጉብኝት እንደገና ቀን ይቆረጥለት፣ በአማርኛ ይሁን፣ አስተርጓሚውም እንደ ሌሎቹ ይከፈለው። ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመቸናል፤ ጠዋት ትምህርት አለ። ውስጡን ለማየት ለቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊዎች በጽሑፍ ጠይቁልን፣ መልሱንም፣ እሺም ይሁን እንቢ፣ ግልባጩን ላኩልን። ብሮሹሩ ሲታተም "የምሥራቅ ዘይቤ" የሚለው ይታረም፤ ማርሊ በዚያ መድረክ የዘፈነው ንግግር የማን እንደነበርና በምን ቋንቋ እንደተነገረ ቢያንስ ሁለት መስመር ይግባበት። ያ የኢሜይል ልክ ነው፣ አይበዛባችሁም። "ተዛማጅነት" የሚለውን የሚለካው ማን እንደሆነና በምን እንደሚለካም አስረዱን፤ በዚሁ መለኪያ የተሰረዘባቸው ሌሎች ማኅበረሰቦች ካሉም እነሱም ይወቁ።

በመንገዱ ላይ ሁለት ቦታ ማረፊያ ይኑር። የአውቶቡስ ፌርማታው አግዳሚና የልብስ ማጠቢያው ቤት ደረጃ ይበቃል፤ ጋሼ መርጠውታል።

መልሳችሁን በአማርኛም በእንግሊዝኛም እንቀበላለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ወላጆች ተወካይ
ሰሜን ለንደን